ከጣና ዳር ወደ ላ ፓዝ፦ ስለ ከፍታ ሕመም የተነሣ አንድ ጥያቄና የተከተሉት መልሶች

ጥያቄው የተነሣው የባሕር ዳር ነዋሪዎች በሚበዙበት የውይይት መድረክ ላይ ነው። ጠያቂዋ በጣና ላይ የእምቦጭን መስፋፋት የሚከታተል ቡድን አባል ናት። ስለ ሐይቅ አያያዝ በሚሰጥ ሥልጠና እንድትካፈል ወደ ቦሊቪያ ተጠርታለች፤ መጀመሪያ ላ ፓዝ፣ ከዚያ የቲቲካካ ሐይቅ ዳርቻ። በደረሳት መርሐ ግብር መሠረት አውሮፕላኑ ሌሊት ከላ ፓዝ በላይ ባለችው ኤል አልቶ ያርፋል፤ ሥልጠናው በማግሥቱ ጠዋት ይጀምራል። የኤል አልቶ አውሮፕላን ማረፊያ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። የላ ፓዝ መሀል ከተማ 3,640 ሜትር ገደማ፣ ቲቲካካ ደግሞ 3,812 ሜትር ላይ ይገኛሉ። የእኛ ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የሥራ ባልደረቦቿ የደጋ አገር ልጅ ስለሆነች ምንም እንደማይነካት አረጋግጠውላታል። ታላቅ ወንድሟ ግን ድሮም ራስ ምታት ስለማያጣት ፈርቶላታል። ማንን መስማት እንዳለባት ነበር የጠየቀችው።

እኔ ከባሕር ዳር ወደ ስሜን ተራሮች እንግዳ የማመላልስ ሹፌር ነኝ። ጉዳዩ የእንጀራዬ ጉዳይ ስለሆነ ክሩን፣ ማለት ጥያቄውንና ተከታታይ መልሶቹን፣ ከላይ እስከ ታች ተከታተልሁት። ነገ ከነገ ወዲያ ለሚነሣ መንገደኛ ይጠቅማል ብዬ መልሶቹን በየተራቸው እዚህ አስፍሬያለሁ፤ የማልስማማበትንም ሳልናገር አላለፍሁም።

መልስ 1። የመጀመሪያው መላሽ ለመመረጧ ደስታውን ገልጾ ጀመረ። ውኃ እንድትጠጣ፣ ቀለል ያለ ምግብ እንድትበላ፣ የመጀመሪያውን ቀን እንድታርፍ መከራት። ምክሩ መልካም ነው፤ ሆኖም በማግሥቱ ጠዋት ሥልጠና ያለባት ሰው እንዴት ታርፋለች የሚለውን አልነካውም።

መልስ 2። ሁለተኛው ሰው በሙሉ ልብ የሚናገር ነው። ሐበሻን ከፍታ እንደማይነካው፣ አባቶቻችን በተራራ ላይ ኖረው በተራራ ላይ እንደተዋጉ፣ ይህ ሕመም ከባሕር ዳርቻ ለሚመጡ ፈረንጆች የተተወ እንደሆነ ጻፈ። ሕመሙን ማሰብ ራሱ ሕመሙን እንደሚጠራም አከለበት። ብዙ ሰው ወደደለት። እኔን ያሳሰበኝ ደግሞ የወደዱለት ሰዎች ብዛት ነው።

መልስ 3። በአንድ የጤና ተቋም የምትሠራ ነርስ ሁለተኛውን ሰው በአክብሮት አረመችው። ባሕር ዳር ወይና ደጋ እንጂ ደጋ አለመሆኗን አስታወሰች። የከፍታ ሕመም ብዙውን ጊዜ ከ2,500 ሜትር በላይ እንደሚጀምርና ጠያቂዋ በአንድ ሌሊት ከዚያ መስመር በጣም ርቃ እንደምትወጣ አስረዳች። ምልክቶቹንም ዘረዘረች፦ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ምግብ አለመፈለግ፣ ድካም፣ ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣት። እነዚህ ምልክቶች ሰው ከፍታው ላይ ከደረሰ በኋላ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ስለሚመጡ፣ ሰው አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ደኅና ነኝ ብሎ ሌሊት አልጋው ላይ እንደሚያዝ ነገረቻት። ጉልበትና ስፖርት መከላከያ እንዳልሆኑም ጻፈች።

ይህን የመጨረሻውን ነጥብ እኔም በዓይኔ ያየሁት ነው። በጠዋት ከባሕር ዳር ተነሥተን በጎንደርና በደባርቅ አልፈን የስሜን ተራሮች ካምፕ ሳንቃ በር ስንደርስ፣ ይኸውም 3,250 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከሁሉ ቀድሞ ከመኪና ወርዶ የሰዉን ሻንጣ የሚያወርደው ወጣት ነው ብዙ ጊዜ እራት ላይ ማንኪያውን የሚያስቀምጠው። አዝጋሚው ሽማግሌ በልቶ ይተኛል። ከደባርቅ ወዲያ ስንወጣ ከፊት መስታወቱ ሥር ያስቀመጥሁት የብስኩት ማሸጊያ እየተነፋ ሄዶ እንደ ከበሮ ይወጠራል። እንግዶቹ ጣታቸውን እየጫኑ ይገረሙበታል። እኔም ያን ጊዜ የውጪው አየር መሳሳቱን፣ ከአሁን በኋላ በዝግታ መራመድ እንዳለባቸው እነግራቸዋለሁ።

መልስ 4። የፊዚክስ መምህር የሆነ ሰው ነገሩን ከሥሩ አስረዳ። በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ባሕር ዳርም ላ ፓዝም ከመቶ 21 ገደማ ነው፤ የሚቀንሰው ድርሻው ሳይሆን የአየሩ ግፊት ነው። በጣና ዳር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ አምስት እጅ አራቱ ያህል ሲሆን፣ ላ ፓዝ ላይ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል። ሰውነት መጀመሪያ የሚያደርገው ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ነው። በዚህም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመጠን በላይ ይወጣና የደም አሲድነት ይዛባል፤ ኩላሊት ያንን በሽንት እያስተካከለ ሚዛኑን ለመመለስ ቀናት ይፈጅበታል። ስለዚህ ከፍታ ላይ ሽንት መብዛቱ ሰውነት ሥራውን መያዙን ያሳያል። ይኸው መምህር ውኃ ባሕር ዳር ላይ በ94 ዲግሪ አካባቢ፣ ላ ፓዝ ላይ በ88 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈላ፣ ስለዚህ ባቄላ ለማብሰል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ በመጨረሻ ጨመረ። ከዚህ የተነሣ ሦስት ሰዎች ስለ ሽሮ አፈላል መጻፍ ጀምረው ነበር፤ እነርሱን አልቆጠርኋቸውም።

መልስ 5 እና 6። አንዲት እናት ጠያቂዋ አዲስ አበባ ዘመድ ካላት ጥቂት ቀን እዚያ ብትሰነብት ይረዳት እንደሆነ ጠየቁ። ነርሷ መልሳ አዲስ አበባ 2,355 ሜትር አካባቢ በመሆኗ ጥቂት እንደሚረዳ፣ ነገር ግን ከዚያ እስከ ላ ፓዝ የሚቀረው ዳገት አሁንም ትልቅ መሆኑን ነገረቻቸው። ከዚያም በላይ ሰውነት የለመደውን ከፍታ ዝቅ ወዳለ ቦታ ሲወርድ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ይረሳዋል። ስለዚህ ልምምዱ ለጉዞው መድረሻ የቀረበ ቢሆን ይሻላል።

መልስ 7። ከክሩ ሁሉ አስበልጬ የምወደው ይህን ነው። ጸሐፊው በንግድ ምክንያት ቦሊቪያን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ፍርሃት አላወራም፣ ጀብዱም አላወራም፣ መንገዱን ብቻ አስተካከለላት። ቦሊቪያ ሁሉም ተራራ እንዳልሆነ ነገራት፦ የሳንታ ክሩዝ ከተማ 400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮቻባምባ 2,550 ሜትር አካባቢ። በሳንታ ክሩዝ ገብታ ኮቻባምባ ሁለት ሦስት ሌሊት ብታድር፣ ከዚያ ላ ፓዝ ብትወጣ ሰውነቷ ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። ላ ፓዝ ስትደርስም ኤል አልቶ ላይ ሳትቆይ ወዲያው እንድትወርድና ማደሪያዋን በከተማዋ ደቡባዊ ሰፈሮች እንድትይዝ መከራት፤ እነዚያ ከመሀል ከተማው በመቶዎች ሜትር ዝቅ ይላሉ። በኬብል የሚጓዘውን የከተማዋን መጓጓዣ ይዛ ቀን ኤል አልቶ ወጥታ ማታ መመለስ ትችላለች፤ ወሳኙ የሚተኛበት ከፍታ ነው። ተራራ የሚያውቅ ሁሉ የሚስማማበት መመሪያም አለ፦ ከ3,000 ሜትር በላይ በየሌሊቱ የማደሪያን ከፍታ ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር፣ በየሦስት ወይም አራት ቀኑ አንድ ሌሊት ተጨማሪ እዚያው ማደር።

መልስ 8፣ 9 እና 10 ስለ ትኬት ዋጋ፣ ስለ ውጭ ምንዛሪና ስለ ቪዛ ናቸው።

መልስ 11 እና 12። አንድ ሰው በላ ፓዝ ሆቴሎች የኮካ ቅጠል ሻይ ለእንግዳ እንደሚቀርብ ሰምቶ፣ ቅጠሉን ተሸክማ ለወዳጆቿ እንድታመጣ ሐሳብ አቀረበ። ቀጥሎ የጻፈው ሰው ቆጣ ብሎ ከለከለ። ቅጠሉ በቦሊቪያ ሕጋዊና የቆየ የሕዝብ ልማድ ቢሆንም በብዙ አገሮች የተከለከለ ነው፤ በሻንጣ ይዞ መተላለፊያ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ መያዝ ሕይወት ያበላሻል። ሻይውን እዚያው ብትጠጣ ምርጫዋ ነው፤ የከፍታ ሕመምን ለመከላከሉ ግን ጠንካራ ማስረጃ የለም። እኔም በዚህ ላይ ከተቆጣው ሰው ጋር ነኝ።

መልስ 13። መጀመሪያ አዲስ አበባን የጠቀሱት እናት ተመልሰው ጤና አዳም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እንድትይዝ መከሩ። ነርሷ አላቃለለችባቸውም። የዝንጅብል ሻይ ማቅለሽለሽን ሊያስታግስ እንደሚችል፣ ሕመሙን ግን እንደማያስቀር በፍቅር ቃል አስረዳቻቸው። ከዚያ ለጠያቂዋ ሌላ ሰው ያላሰበውን ነገር ነገረቻት፦ ቡናዋን በድንገት እንዳታቋርጥ። በቀን ሦስት ጊዜ ቡና የለመደ የጣና ዳር ሰው በጉዞ ምክንያት ቢያጣው በማግሥቱ የሚመጣው ራስ ምታት የከፍታ ሕመም ይመስላል፤ ሰውም ሐኪምም ሊሳሳት ይችላል። አረቄና የእንቅልፍ ኪኒን ግን በሌሊት ትንፋሽን ስለሚያዘገዩ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች አይነኩም። ሌሊት ትንፋሽ ለአፍታ ቆሞ እንደገና ፈጥኖ ሲመለስ ሰው ደንግጦ ሊነቃ እንደሚችል፣ ይህ ከፍታ ላይ የተለመደ መሆኑንና ብቻውን የአደጋ ምልክት አለመሆኑን ገለጸች። በዚያ ከፍታ ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረ ሰው ሁሉ ይህን ቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ስንት ሰው ሌሊቱን በጭንቀት ባላሳለፈ።

መልስ 14። አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር የሁለተኛውን መልስ ሐሳብ በቁም ነገር መረመረው። የእኛ ደገኞች በእርግጥ የተለየ ነገር አላቸው። ሲንቲያ ቢል የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በስሜን 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች የሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር) መጠናቸው በባሕር ወለል ከሚኖሩ ሰዎች ብዙም እንደማይለይ፣ በደማቸው ያለው የኦክስጅን ሙሌትም በአማካይ ከመቶ 95 በላይ እንደሆነ ታይቷል። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩት ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ይላል፤ ቲቤታውያን ደግሞ ሙሌቱ ዝቅ ብሎም ይኖራሉ። ሦስቱ ሕዝቦች አንዱን ችግር በሦስት መንገድ ተላመዱት። መምህሩ ግን በመጨረሻ ዋናውን ነገር አሰመሩበት፦ የተጠኑት ሰዎች እዚያው ተወልደው እዚያው ያደጉ ናቸው። ጣና ዳር ያደገ ሰው የዘር ሐረጉ ከስሜን ቢመዘዝም ሳንባው የኖረው 1,800 ሜትር ላይ ነው። አንድ ሰው ቋንቋቸውን ስለተናገረ ብቻ የእነርሱ ጥበቃ አለው ማለት አይቻልም።

መልስ 15። ሁለተኛው ሰው ተመለሰ። ማሞ ወልዴ በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ማራቶንን ሲያሸንፍ ሌሎች በአየር እጥረት ሲያቃስቱ እንደነበር አስታውሶ፣ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ እንደማያስፈልግ ጻፈ።

መልስ 16። ከዚህ ላይ የክሩ ድምፅ ተለወጠ። መላሹ የስፖርት ነገር የሚያውቅ፣ ትዕግሥት ግን ያነሰው ሰው ነው። ሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ሜትር አካባቢ ላይ በመሆኗ ከአዲስ አበባ እንኳን ዝቅ እንደምትል፣ ማሞም ወደ ለመደው ከፍታ እንጂ ወደ ማያውቀው እንዳልሄደ ገለጸ። በዚያው ኦሊምፒክ ማሞ ሁለተኛ በወጣበት የ10,000 ሜትር ውድድር ያሸነፈው ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ መሆኑንም አስታወሰ። እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው። ከዚያ ግን ሁለተኛውን ሰው አላዋቂ ብሎ ዘለፈው፤ ይህ አያስፈልግም ነበር።

መልስ 17 ተሰርዟል። አወያዩ ስድብ እንደነበረበት ገልጾ ሁለቱንም አስጠንቅቋል።

መልስ 18። ነርሷ ክሩን ወደ ቦታው መለሰችው፤ በጠነከረ ቃል። ከጣና ዳርና ከፎገራ ሜዳ ወደ ደጋ የሚወጣ ሰው ራሱን ሲያመው ሁሉም ከፍታ ነው ብሎ እንዳይተኛ አሳሰበች። አካባቢያችን ወባ አለበት። የሐይቁ ዳር ትንኝ ከጉዞው በፊት ነክሳው ከሆነ ሕመሙ የሚጀምረው ከደረሰ በኋላ ሊሆን ይችላል። የከፍታ ሕመም ከፍተኛ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት አያመጣም፤ ትኩሳት ካለ የደም ምርመራ ወዲያው ያስፈልጋል። ቦሊቪያ ያለ ሐኪም ከየት እንደመጣች ካልነገረችው ወባን ላያስብ ስለሚችል ጠያቂዋ ራሷ መናገር አለባት። ይህ ምክር ከየትኛውም የውጭ አገር የጉዞ መጽሐፍ የሚገኝ አይመስለኝም፤ የጣናን ሰው የምታክም ሰው ብቻ ነው የምታስበው።

መልስ 19። ደብረ ታቦር የሚኖር ሰው የከሰል ነገር አነሣ። ወደ ጉና አካባቢ ወይም ወደ ነፋስ መውጫ የሚሄድ የቆላና የወይና ደጋ ሰው ብርዱን መቋቋም ሲያቅተው በር ዘግቶ ከሰል አንድዶ ይተኛል። ጠዋት ራሱን ሲያመውና ሲያስመልሰው ከፍታው ነው ይባላል። የከሰል ጭስ መርዝ ሽታ የለውም፤ ቀለም የለውም። ጸሐፊው አንድ ቤት ውስጥ አብረው ያደሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ውጪ ወጥተውም ከተሻላቸው፣ መጠርጠር ያለበት ከሰሉ መሆኑን ጻፈ። በክሩ ላይ ትንሽ ሰው ነው ያነበበው። ጠያቂዋ ወደ ሆቴል ስለምትሄድ ለእርሷ ላይጠቅም ይችላል፤ ለእኛ ግን ከመልሶቹ ሁሉ ብዙ ሕይወት ሊያድን የሚችለው ይህ ነው፤ ደጋ ዘመድ ያለው ሁሉ ቢያነበው እወዳለሁ።

መልስ 20 የእኔ ነው። የጻፍሁት ከመንዳት ሥራዬ ስለማውቀው አንድ ነገር ነው። አንዳንድ የጉዞ አዘጋጆች ጊዜ ለመቆጠብ እንግዳውን ጠዋት ከሐይቁ ዳር አስነሥተው ማታ ከ3,200 ሜትር በላይ ያሳድሩታል። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ አንድ ሌሊት ቢያድር ግን በማግሥቱ ስንቱ ችግር ይቀል ነበር። አንድ ሌሊት ሲቀነስ የሚተርፈው የአንድ ክፍል ኪራይ ነው። ከዚህ በላይ የማልታገሠው ግን እንግዳው ታምሞም መርሐ ግብሩ እንዳይበላሽ ከፍ ብሎ ወዳለው የጨነቅ ካምፕ እንዲቀጥል መገፋፋቱን ነው። ምልክቱ እያለ ወደ ላይ አይወጣም፤ ባለበት አድሮ ካልተሻለው ይወርዳል። ሦስት መቶ ሜትር መውረድ እንኳን ሰውን ሲለውጠው አይቻለሁ።

ሁለት ነገሮች ካሉ ደግሞ እስኪነጋ አይጠበቅም። አንደኛው ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ የሚያስለው፣ ከንፈሩ የሚጠቁር ሰው ነው፤ ሳንባው ውኃ መያዝ ጀምሯል። ሁለተኛው እንደ ሰካራም የሚንገዳገድ ወይም ንግግሩ የሚምታታበት ሰው ነው፤ አንጎሉ እያበጠ ነው። ይህን የምንፈትንበት ቀላል መንገድ አለ። በመሬቱ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይሰመርና የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው እግር አውራ ጣት ጋር እያገጣጠመ እንዲራመድ ይደረጋል። ጤነኛ ሰው አሥር እርምጃ ያለችግር ይሄዳል። አንድ ምሽት በካምፑ እሳት አጠገብ አንድ እንግዳ የጫማውን ማሰሪያ ሊቋጥር ደጋግሞ ሞክሮ አቃተው፤ ክሩን በጣቶቹ ይዞ ዝም ብሎ ያየው ነበር። አስነሥተን ስናስኬደው በሦስተኛው እርምጃ ወደ ጎን ወደቀ። ያኔውኑ መኪናውን አሙቀን በሌሊት ደባርቅ አወረድነው። ጠዋት ሻይ ሲጠጣ ማታ የሆነውን አያስታውስም ነበር። ባንወርድ ኖሮ ስለ እርሱ የምጽፈው ሌላ ነበር።

መልስ 21፣ 22 እና 23። አንድ ሰው ዳያሞክስ ስለሚባለው መድኃኒት ጠየቀ። ሌላው መድኃኒቱ ምልክቱን ሸፍኖ ሰውን እንደሚያታልል ተናገረ። ነርሷ ይህንን አረመች፦ አሴታዞላማይድ (የዳያሞክስ የመድኃኒት ስሙ ነው) ቀደም ሲል የፊዚክስ መምህሩ የገለጸውን የኩላሊት ሥራ ያፋጥናል እንጂ ምልክት አይሸፍንም። ለመከላከል በብዛት የሚታዘዘው 125 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ፣ ከመውጣት አንድ ቀን አስቀድሞ ጀምሮ ነው። ጣትን ይነዝራል፣ ሽንት ያበዛል፣ የለስላሳ መጠጥን ጣዕም ያበላሻል። የሰልፋ መድኃኒት የማይስማማው፣ ኩላሊቱን የሚያመው፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ሁሉ ያለ ሐኪም ምክር አይወስዱትም። ለሁሉም ቢሆን ሐኪም ይጠየቅ። መድኃኒቱ የዓይን ግፊት ላለባቸውም ስለሚሰጥ በባሕር ዳር የሚፈልገው ሰው የዓይን መድኃኒት የሚይዙ ፋርማሲዎችን ቢጠይቅ እንደሚቀለው አስታወሰች። በቀን አምስት ሊትር ውኃ መጠጣት አለብሽ ያላትንም ሰው በዚሁ አረመችው፤ ጥማትን መከተል በቂ ነው፣ ከመጠን ያለፈ ውኃ በደም ውስጥ ያለውን ጨው አሳስቶ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል።

መልስ 24 እስከ 29። ከዚህ በኋላ ክሩ ከመንገዱ ወጣ፤ ግን በመልካም ወጣ። ሐይቁ ዳር ያደገ አንድ ሰው ቲቲካካ ላይ ሰዎች እንደ እኛ የሣር ታንኳ እንደሚሠሩ አስታወሰ። የእኛ ከደንገል ነው፤ የእነርሱ ቶቶራ ከሚባል ሣር። ቀጥሎ የጻፉ አንድ አዛውንት ብዙዎቻችን የማናውቀውን ታሪክ አመጡ። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን በሣር ጀልባ ለማቋረጥ ሲነሣ ደንገሉ የተወሰደው ከጣና ነበር፤ የሠሩት ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ናቸው። ያ ጀልባ መንገድ ላይ ተበታተነ። በዓመቱ ሁለተኛውን ጀልባ ከኢትዮጵያ በሄደ ደንገል የሠሩት ከቲቲካካ የመጡ የአይማራ ሕዝብ ባለሙያዎች ሆኑ። ይህኛው ከሞሮኮ ተነሥቶ በ57 ቀናት ባርቤዶስ ደረሰ። አዛውንቱ ጠያቂዋ የምትሄድበት ሐይቅ ሰዎች አንድ ጊዜ የእኛን አገር ሣር በእጃቸው ቋጥረው ውቅያኖስ እንዳሻገሩት እንድታውቅ ፈልገው ነው የጻፉት። ከዚያ በኋላ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ታንኳ የመሥራት ጥበብ ዛሬ ወጣት እያጣ መሆኑ ተነሣ፤ ደንገሉም በእርሻና በእምቦጭ መካከል መጥበቡ። አንዱ ጣና ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ሲሆን ቲቲካካ ከ280 ሜትር እንደሚያልፍ ጠቅሶ፣ እንዲህ ያለ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ደለልንና አረምን ለመቋቋም ስንት እጥፍ ጥንቃቄ እንደሚፈልግ ጻፈ። ይህ ጉዳይ ራሱን የቻለ ክር ይገባዋል።

መልስ 30። ቀደም ሲል የተቆጣው የስፖርት ሰው ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ። ማስታረቂያ ይሁነኝ ብሎ ይመስላል የእግር ኳስ ነገር አመጣ። በ1999 ዓ.ም. ፊፋ ከ2,500 ሜትር በላይ ባሉ ከተሞች ዓለም አቀፍ ጨዋታ ከልክሎ እንደነበር፣ በኋላም እንደተወው፣ በ2001 ዓ.ም. መጋቢት ማራዶና ያሠለጥነው የነበረው የአርጀንቲና ቡድን ላ ፓዝ ላይ 6 ለ 1 እንደተሸነፈ አስታወሰ። ሜሲም በዚያ ሜዳ ላይ ነበረ። ሁለተኛው ሰው ለዚህ በአጭሩ መልስ ሰጠ፤ ይቅርታውን ተቀበለ፣ ስለ ሐበሻ ጥንካሬ ግን ሐሳቡን አልለወጠም። ሐሳቡን የመያዝ መብቱ ነው። ታናሽ እኅቱ ብትሆን ኖሮ ግን በአንድ ሌሊት 4,000 ሜትር ላይ ያሳርፋት ይሆን? ይህን ጠይቄው አልመለሰልኝም።

መልስ 31። ጠያቂዋ ተመለሰች። ሁሉንም አመስግና ያደረገችውን ነገረችን። ለአዘጋጆቹ ጽፋ በሳንታ ክሩዝ በኩል እንድትገባ ተስማምተዋል። ኮቻባምባ የሚሸፍኑላት ግን አንድ ሌሊት ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን ከራሷ ልትከፍል ወስናለች። ላ ፓዝ ላይ ማደሪያዋን ወደ ደቡብ ሰፈሮች ቀይራለች። ሐኪም አይቷት ከሰልፋ ጋር ችግር እንደሌለባት ካረጋገጠ በኋላ መድኃኒቱን አዞላታል። ወንድሟ ደግሞ በጣት ላይ የሚደረግ የኦክስጅን መለኪያ ገዝቶላታል። ነርሷ ለዚህ መሣሪያ ቁጥር ብቻ እንዳትታመን፣ እጅ ሲቀዘቅዝ እንደሚሳሳት፣ ከቁጥሩ ይልቅ ስሜቷን እንድታዳምጥ ጻፈችላት። ጠያቂዋ ሥልጠናው የሚጀምርበትን ቀን ማስቀየር አልቻለችም። የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ግን ተቀምጦ የሚሰጥ መሆኑን አረጋግጣለች፤ የቲቲካካው የመስክ ሥራ የሚመጣው በሳምንቱ መጨረሻ ነው። በእኔ አስተያየት በቂ ነው።

መልስ 32። አንድ ወጣት የልብ ሕመም ያለባቸውን አባቱን ከዘጌ ወደ ላሊበላ ለመሳለም ሊወስዳቸው እንደሆነ፣ ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗን አሁን ከዚህ ክር እንዳወቀ ጽፎ ምን ማድረግ እንዳለበት ጠየቀ። ነርሷ የሚወስዱትን መድኃኒት ዝርዝር ይዞ ከጉዞው በፊት ከልብ ሐኪማቸው ጋር እንዲያገናኛቸው፣ መድኃኒታቸውንም በጉዞው ምክንያት እንዳያቋርጡ ነገረችው። እኔም መንገዱን ሁለት ቀን እንዲያደርገው፣ ከቤተ ክርስቲያኖቹ ደረጃዎች በፊት አንድ ሙሉ ቀን እንዲያርፉ ጻፍሁለት። የሚነሡበትን ቀን ገና አልነገረንም።